አፈሩን ሳትመረምሩ መሬት አትሽጡልን

እኛ የሰላ ድንጋይ ሰዎች ልጆቻችንን ለትምህርትም ለሥራም የምንሸኘው ወደ ደብረ ብርሃን ነው። «የከተማ መሬት ምን አገባህ?» ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አጭር ነው፤ ልጄ የሚተኛው እዚያ መሬት ላይ ነው።

ባለፈው ክረምት የተከራየበትን ግቢ አየሁት። ቦታው ቀድሞ ጋራዥ ነበር። ከላይ ገረጋንቲ ተደፍቶ ተደልድሏል። ዝናቡ ጠርዙን ሲሸረሽረው ግን ከሥሩ የተቃጠለ ዘይት የሚሸት፣ ጥቁርና ሙልጭልጭ አፈር ብቅ ብሏል። እዚያው ላይ ጎመን ተተክሏል፤ ሕፃናት እየቆፈሩ ይጫወታሉ። የአሮጌው ባትሪ አሲድና እርሳስ የት እንደተደፋ የጠየቀ የለም። አከራይዋን አልወቅስም። እሳቸውም ያላቸውን ጥሪት አሟጠው ነው የገዙት፤ ማንም ምንም አልነገራቸውም።

አሠራሩን ግን እወቅሳለሁ! በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለጨረታ የሚቀርብ መሬት ምን ማሟላት እንዳለበት ዘርዝሯል። ከይገባኛል ጥያቄ ነፃ ይሁን፣ ከከተማው ፕላን ጋር ይጣጣም፣ መሠረተ ልማት ይድረሰው፣ ተሸንሽኖ ወሰኑ ይታወቅ ብሏል። ከመርዝ ነፃ ይሁን የሚል ግን በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ማን እንደሚካሰስበት እንጨነቃለን፤ ምን እንደተቀበረበት አንጠይቅም። ነውር ነው። ቆዳ ፋብሪካ ክሮም ይጠቀማል፤ የማደያ ታንከር መሬት ውስጥ ሆኖ ሲዝግ ያንጠባጥባል። ባለቤቱ ዘግቶ ቢሄድም ክሮምና እርሳስ አይበሰብሱም፤ አፈሩ ውስጥ ይቆያሉ፣ ወደ ጉድጓድ ውሃም ሊወርዱ ይችላሉ።

የአዲስ አበባውን ቆሻሻ መጣያ፣ ቆሼን ረሳን እንዴ? ከ50 ዓመት በላይ ቆሻሻ ተከመረበት፤ ድሃ ሌላ መጠጊያ ስላጣ ሥሩ ጎጆ ቀለሰ። ከአዲስ አበባ ወደ እኛ በሚመጣው መንገድ ላይ ወዳለችው ሰንዳፋ የተዛወረው ቆሻሻ በ2008 ዓ.ም. አርሶ አደሩ ሲቃወም ተመልሶ ቆሼ ላይ ተደፋ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ቀበረ። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። አደጋው ድንገተኛ አልነበረም፤ ክምሩን ሁሉም በየቀኑ ያየው ነበር።

ሀብታም አገርም ከዚህ አላመለጠም። በአሜሪካዋ የናያጋራ ፎልስ ከተማ አንድ የኬሚካል ኩባንያ ወደ 21 ሺህ ቶን የሚጠጋ ዝቃጭ የቀበረበትን ቦታ እ.ኤ.አ. በ1953 ለትምህርት ቦርድ በ1 ዶላር ሸጠ። ኬሚካል መቀበሩ ውሉ ላይ ተጽፎ ነበር። ያም ሆኖ ትምህርት ቤት ተሠራበት፣ በመኖሪያ ቤቶችም ተከበበ። በ1978 መርዙ ምድር ቤቶች ውስጥ ሰርጎ ሲገባ የአስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ ሕዝቡም ቤቱን ጥሎ ወጣ። በ1980 የበከለ ለማጽጃው ይክፈል የሚል ሕግ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እኛ ደግሞ ሕጉ አለን! በ1995 ዓ.ም. የወጣው የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዛል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢን መብት አድርጎታል። የጎደለው የይዞታ ካርታ ከመሰጠቱ በፊት አፈሩን ቆፍሮ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ የሚልክ መሥሪያ ቤት ነው። የተበከለ ቦታ ሁሉ ይታጠር አላልኩም። ታውቆ ከጸዳ ቤት ይሠራበታል፤ ካልጸዳ መኪና ማቆሚያ ይሁን፣ ጎመን ግን አይተከልበት።

አንተ የጨረታ ሰነድ የምትገዛ፣ አንቺ ለልጅሽ ቤት የምትከራዪ፤ ቦታው ቀድሞ ምን እንደነበር ጠይቁ። የአፈር ምርመራውን ውጤት ሳታዩ አትፈርሙ።