ሥራውን የያዘች ወረቀቱን ስትሻ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሜሪላንድ በሲልቨር ስፕሪንግ በአንድ ወዳጃችን ቤት ምሳው ተነሥቶ ቡናው ሲቀርብ፥ ሌሊቱን በሕሙማን አልጋ አጠገብ ቆማ አድራ ከሥራዋ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን የመጣችው የወዳጃችን እኅት፥ የመጀመሪያ ዲግሪዋን በኦንላይን ለመማር ማሰቧንና የትኛውን ዩኒቨርሲቲ እንደምትመርጥ መቸገሯን በትሕትና ብትገልጽ፥ በዕድሜው የአንድ ሰው የደም ግፊት እንኳ ለክቶ የማያውቅ ጎልማሳ «በፒጃማ የሚገኝ ዲግሪ!» ብሎ ሳቀ፤ የተቀመጠውም ሁሉ አብሮት ሳቀ። የባለቤቱን ማዕድ ላለማወክ ስል በዚያ ዝም አልሁ፤ እዚህ ግን ማዕዱ የራሴ ነው።

የዚህ ዓምድ ወዳጆች እንደምታውቁት ከማዕረግ ስም ጋር የቆየ ጠብ አለኝ፤ በአንድ የሠርግ መጥሪያ ላይ ከሙሽራው ስም በፊት «ዶክተር»፥ ከአባቱም ስም በፊት «ኢንጂነር» ተጽፎ አይቼ የጻፍሁት ነገር ስንቱን እንዳስቆጣ የረሳችሁት አይመስለኝም። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ ለዲግሪ ጥብቅና መቆሙ የሚያስደንቃችሁ ከሆነ እኔንም አስደንቆኛል።

ይህች ሴት ነርስ ለመሆን የምትማር አይደለችም፤ ነርስ ናት። በኮሙኒቲ ኮሌጅ ተምራ፥ አራት ዓመት በዩኒቨርሲቲ የተቀመጠችው ባልደረባዋ የተፈተነችውን ያንኑ ኤንክሌክስ የተባለውን የፈቃድ ፈተና ተፈትና፥ ያንኑ የሜሪላንድ ፈቃድ ይዛ ስትሠራ ዓመታት አልፈዋል። መርፌ መውጋትን፥ ቁስል ማጠብን፥ የሕመምተኛውን መድከም ከአተነፋፈሱ ለይቶ ማወቅን ኮምፒውተር ያስተምራት ዘንድ የሚጠብቅ የለም። የቀራት የጥናት ጽሑፍ መመርመር፥ የኅብረተሰብ ጤናና የአስተዳደር ትምህርት ሲሆን፥ ይህም ከጥቂት የመስክ ሥራ በቀር በንባብና በጽሕፈት የሚገኝ ስለሆነ ተማሪው በየትኛው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ የሚጠየቅበት ምክንያት የለም።

ታዲያ ፈቃዱ አንድ ከሆነ ለምን ትደክማለች? በ2010 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ከመቶው ነርስ ሰማንያው እስከ 2020 ባለ ዲግሪ ይሆን ዘንድ መከረ፤ ዓመቱ መጥቶ ሲያልፍ ቁጥሩ አልሞላም፥ ምክሩ ግን በየሆስፒታሉ ቅጥር ክፍል እንደ ሕግ ሰፍኖ ቀረ። ኒውዮርክማ በ2017 በእውነተኛ ሕግ አጸናችው፤ በዚያ አዲስ ፈቃድ የሚያወጣ ነርስ በ10 ዓመት ውስጥ ዲግሪውን እንዲይዝ ይገደዳል። ማግኔት የተባለውን የክብር ዕውቅና የሚሻ ሆስፒታልም የነርስ አለቆቹ ባለ ዲግሪ መሆናቸውን ማስመስከር አለበት። ተመራማሪዋ ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ በ2003 ባሳተሙት ጥናት፥ በአንድ ሆስፒታል የባለ ዲግሪ ነርሶች ድርሻ በ10 ከመቶ ከፍ ሲል ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች የመሞት ዕድል በ5 ከመቶ ዝቅ ብሎ መገኘቱን አስረድተዋል። እኔ እንደ ልማዴ ተጠራጣሪ ስለሆንሁ፥ ሰዎቹን ያተረፋቸው ዲግሪው ይሁን ወይስ ባለ ዲግሪ የሚቀጥረው ሆስፒታል ብልጽግና እያልሁ አሰላስላለሁ፤ ለሴትየዋ ግን የእኔ ጥርጣሬ እንጀራ አይሆናትም፥ ለአለቅነት ያቀረበችው ማመልከቻ የተመለሰው በዚሁ ወረቀት እጦት ነውና።

በቡናው ዙሪያ የተሰጣት ምክር ሁሉ «ስሙ የታወቀ ትምህርት ቤት ፈልጊ» የሚል ነበር፤ እንዲህ የሚመክር ሰው ከፋዩ እሱ አይደለም። አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው፥ ሲሲኤንኢ ወይም ኤሲኢኤን ከተባሉት የነርስ ትምህርት ዕውቅና ሰጪዎች አንዱ ትምህርቱን መርምሮ አጽድቆታልን የሚለው ነው፤ ነገ ማስተርስ ልቀጥል፥ ነርስ ፕራክቲሽነር ልሁን ብትል በሩ የሚከፈተውም የሚዘጋውም በዚህ ነው። ከዲግሪው 120 ክሬዲት ውስጥ ከኮሌጅ ያመጣችው ስንቱ እንደሚቆጠርላት፥ በላቧ ያለፈችውንም ስታቲስቲክስ እንደ አዲስ ክፈይበት ይሏት እንደሆነ በጽሑፍ ትጠይቅ። የአከፋፈሉ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል። በ1997 ዐሥራ ዘጠኝ የግዛት ገዥዎች ተባብረው ያቋቋሙት ዌስተርን ገቨርነርስ ዩኒቨርሲቲ ለምሳሌ በክሬዲት ሳይሆን በስድስት ወር ሒሳብ ያስከፍላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የቻሉትን ያህል ኮርስ መጨረስ ይቻላል። ጊዜ ላለው ፈጣን ሰው እጅግ ርካሽ ነው፤ ልጅ የታመመባት፥ ተደራቢ ፈረቃ የወሰደች እናት ግን ስድስት ወሩ ሳይታወቃት ያልቅና እንደገና ትከፍላለች። ሌሎቹ ደግሞ በየሳምንቱ የሚነዱ ናቸው፤ ረቡዕ ዲስከሽን ይጻፋል፥ እሑድ እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ለሁለት የክፍል ጓደኞች መልስ ይሰጣል፤ መልሱም ኤፒኤ በተባለው ሥርዐት ነጥብና ሠረዙ ተስተካክሎ ዘወትር «ሐሳብሽ ግሩም ነው» በሚል ይጀምራል። የእኛ ፋሲካ በየትኛው እሑድ እንደሚውል የዩኒቨርሲቲው ባሕረ ሐሳብ አያውቅም።

ኦንላይን በተባለ ቍጥር ሐሰተኛ ወረቀት እያሉ ለሚያስፈራሩን ደግሞ ይህን ላስታውስ፤ በጃንዋሪ 2023 የፌዴራል ዐቃብያነ ሕግ ከ7,600 የሚበልጥ የሐሰት የነርስ ዲፕሎማ ተሽጧል ብለው 25 ሰዎችን ሲከሱ፥ ወረቀቱ የወጣባቸው ሦስቱ የደቡብ ፍሎሪዳ ትምህርት ቤቶች ሕንፃም አድራሻም የነበራቸው ነበሩ።

ቆይቼ ሳስበው ግን ያን ሳቅ ያመጣው ኦንላይን አልመሰለኝም። ያው የሳቀው ጎልማሳ ሲኪዩሪቲ ፕላስ የተባለውን የኮምፒውተር ምስክር ወረቀት በምድር ቤቱ ተቀምጦ ከቪዲዮ አጥንቶ ባገኘ ጊዜ ይኸው ጉባኤ መርቆት ነበር፤ ስለ ልብሱ የጠየቀ አልነበረም፤ የሳቁ ምንጭ ነርስነትን መናቃችን ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ፥ በእኛ አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. በወጣትነቷ ብታርፍ በአዲስ አበባ በስሟ ሆስፒታል ቆሞላት ነበር። ያን ስም በአክብሮት የሚያነሡት አባቶች፥ የገዛ ልጃቸው ነርስ ልሁን ስትል «ምነው ዶክተር ብትሆኚ» ይላሉ። የታመመ ሲያስታምሙ ማደርን በለቅሶ ቤት እናመሰግነዋለን፤ ደመወዝ ሲከፈልበትና በሴት እጅ ሲሠራ ግን እንደ ትንሽ ነገር እንቈጥረዋለን። ከዚህ ንቀትም ከምድር ቤቱም ጎልማሳ ይልቅ የሚያናድደኝ፥ ሚስቱ በምታመጣው የሌሊት ደመወዝ የቤቱን ዕዳ እየከፈለ ስለ ሥራዋ ሲጠየቅ «ሆስፒታል ነው የምትሠራው» ብሎ ወሬ የሚለውጠው ባል ነው።

ማክሰኞ ዕለት ደውላ «ጋሼ፥ ሁለት ትምህርት ቤት ቀርተውኛል» አለችኝ። ሁለቱም ዕውቅና አላቸው፥ አሠሪዋም የሕጉን ጣሪያ፥ ማለት በዓመት ከግብር ነጻ የሆነውን 5,250 ዶላር ይረዳታል፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሳትለቅ ልትሠራ ትፈርማለች። ርካሹ ትምህርት ቤት የኅብረተሰብ ጤናውን የመስክ ሥራ የምትሠራበትን ቦታና የሚቆጣጠራትን ነርስ ራሷ እንድታፈላልግ ይተዋታል፤ ሁለተኛው ጥቂት አስወድዶ እሱው ያገኝላታል። ባሏ ርካሹን ይላል። እኔ ሁለተኛውን እላለሁ፥ ከሌሊት ሥራ መልስ በየጤና ጣቢያው እየደወለች ቦታ የምትለምነው እሱ አይደለምና።