ብዙ ሥራ ስለ መጀመር

ልጆች ሆይ፥ አንድ ቀን በመስከረም ወር በዕረፍት ሰዓት አንዲት ተማሪ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ አየኋት። በጭኗ ላይ ገና መሠረቱ ብቻ የተሰፋ ሰፌድ ነበረ፤ በእጇም እንዝርት ይዛ ትፈትል ነበር፤ በአጠገቧ ደግሞ ጥልፍ የተጀመረበት ጨርቅ ተጣጥፎ ተቀምጦ ነበር። ከእኔ ጋር የነበረ አንድ እንግዳ ይህን ባየ ጊዜ፥ «ሦስት ጀምሮ ከመዋተት አንድ ጀምሮ መጨረስ ይሻላል» ብሎ በጓደኞቿ ፊት ገሠጻት። ልጅቱም አንገቷን ደፍታ ዕቃዋን ሁሉ በችኮላ ሰበሰበች። እኔ በዚያን ጊዜ እንግዳውን አክብሬ ዝም አልሁ። ዝም ማለቴ ግን ደግ አልነበረም፤ ስለዚህ ያን ቀን ያልተናገርሁትን ዛሬ እጽፍላችኋለሁ።

የእንግዳው ቃል ሲሰሙት እውነት ይመስላል። እኔ ግን ግማሹ ብቻ እውነት ነው እላለሁ። የሥራ ሁሉ ጠባይ አንድ አይደለምና። ቢተውት ታግሦ የሚቆይ ሥራ አለ፤ ቢተውት የሚበላሽም ሥራ አለ። ይህን ለይቶ ያወቀ ሰው ሦስት ሥራ ቢጀምር አይነቀፍም፤ ይህን ያላወቀ ግን አንድ ብቻ ቢጀምርም ያበላሻል። እኔ ይህን ያወቅሁት መጽሐፍ በማንበብ አይደለም፤ በእናቴ ጋቢ ላይ ባደረስሁት ጥፋት ነው እንጂ።

ያደግሁበት ከተማ አምቦ ነው። አምቦ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፥ በሆለታ፥ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አልፎ ወደ ነቀምቴ በሚሄደው መንገድ ላይ ይገኛል። ስለ ፍል ውሃው ሀገረ ሕይወት ተብሎ ይጠራ እንደ ነበረ ታላላቆቻችሁ ይነግሯችኋል። ክረምቱ ብርድ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ያለ ጋቢ መቀመጥ አይቻልም። ጥጥ ግን የቆላ ተክል ስለ ሆነ በእኛ ደጋ አይበቅልም፤ ነጋዴ ከቆላ አምጥቶ በገበያ ይሸጠዋል። ለስፌት የሚሆነው ስንደዶና አክርማ ግን ክረምቱ ሲወጣ በየሜዳው ይገኛል፤ ገንዘብ አይጠይቅም፥ ጎንበስ ማለትን ነው እንጂ።

በጎረቤታችን አንዲት ባልቴት ነበሩ። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ አኮ እያልን እንጠራቸው ነበር፤ ይኸውም በኦሮሞ ቋንቋ አያት ማለት ነው። አኮ ሁልጊዜ ሦስት ሥራ ከእጃቸው አይጠፋም ነበር። ወደ ገበያ ሲሄዱ፥ ጎረቤትም ለቡና ሲጠራቸው እንዝርታቸውን ይዘው ይሄዱ ነበር። እንዝርት ትሑት ዕቃ ነውና፥ ወሬ ሲመጣ ይቆማል፥ ወሬው ሲያልቅ ይሾራል፤ ክሩም በመቆሙ ምንም አይጎዳም። ፀሐይ በወጣች ጊዜ ግን በደጃቸው ተቀምጠው ሰፌዳቸውን ይሰፉ ነበር። የአለላው ቀለም፥ ቀዩ ከአረንጓዴው፥ ሐምራዊው ከጥቁሩ በደንብ የሚለየው በቀን ብርሃን ነውና። ማታም በእሳቱ አጠገብ ሆነው በጣታቸው ከጥጡ ውስጥ ፍሬውን ይለቅሙ ነበር፤ ለዚህ ዓይን አያስፈልግም፥ ጣት ይበቃል። እንዲህ ሲሆን አንዱ ሥራ የሌላውን ሰዓት አይበላበትም ነበር።

ነገር ግን አኮ ሁለት ሰፌድ በአንድ ጊዜ ሲሰፉ አይቼ አላውቅም። አንድ ቀን ምክንያቱን ብጠይቃቸው ስቀው፥ «ልጄ፥ ሁለት ሰፌድ እንደ ጣውንት ናቸው፤ ይቀናናሉ» አሉኝ። በዚያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ አብሬያቸው ሳቅሁ።

ከቤታችን በታች ደግሞ አንድ ሸማኔ ነበሩ። አገራቸው በደቡብ፥ በጋሞ ደጋ ያለው ዶርዜ ነው። የዶርዜ ሰዎች በሽመና እጅግ የታወቁ ናቸው፤ በአዲስ አበባ ከእንጦጦ ሥር ባለው በሽሮ ሜዳ ብዙዎቹ ይኖራሉ፤ ሌሎቹም በየከተማው ተበትነው ሸማ ይሠራሉ። ልብሳችንን የሚሠሩልን እነርሱ ሲሆኑ፥ ሸማኔ የሚለውን ስም እንደ ስድብ የሚቆጥር ሞኝ በየዘመኑ አልጠፋም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ፥ በዚሁ በእኛ መንገድ ላይ ያለችውን አዲስ ዓለምን የቆረቆሩት ንጉሥ፥ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ የሚሠራ ሰው በሥራው እንዳይሰደብ በዐዋጅ ከልክለው ነበር። ዐዋጁ ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ እኔ ሽመና ልማር ብል፥ አንድ ዘመዳችን ለእናቴ፥ «ዳዊት የደገመ ልጅ በሸማኔ ጉድጓድ ይቀመጣልን?» አላት። እናቴም፥ «ዳዊቱን የሚደግመው ራቁቱን ነውን?» ብላ መለሰችለት። ከዚያ ወዲያ በዚህ ነገር የተናገረ የለም።

እናቴ አንድ ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ፈትላ ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ልቃቂት አዘጋጅታ ነበር። ጋቢ በአራት እጥፍ የሚሰፋ ስለ ሆነ ብዙ ክር ይበላል። ሸማኔውም፥ «ልጅሽ እየተማረ ይሥራው፥ እኔ እጠብቀዋለሁ» አሏት። እኔም ያን ጊዜ የ14 ዓመት ልጅ ነበርሁ።

የመጀመሪያው ትምህርቴ መሸመን አልነበረም፤ የተበጠሰ ክር መቀጠል ነበር እንጂ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ክር እየበጠሱ ይሰጡኝ ነበር፤ እኔም ቋጠሮው በጣት ሲዳስሱት እስከማይታወቅ ድረስ እቋጥር ነበር። ከዚያ በኋላ ድሩን እየተመላለስን በካስማ ላይ ዘረጋን። በመጨረሻም በጉድጓዱ አፍ ተቀመጥሁ፤ እግሬ ከታች መርገጫውን ሲረግጥ ግማሹ ድር ከፍ፥ ግማሹ ዝቅ ይላል፤ በመካከሉ በተከፈተው መንገድ ማጉን የያዘውን መወርወሪያ ከቀኝ ወደ ግራ እሰድዳለሁ፥ ማጉንም መትቼ አጠብቃለሁ፤ ደግሞ ሌላውን መርገጫ እረግጣለሁ። እጅና እግር እስኪስማሙ ድረስ እጅግ አስቸገረኝ። በተስማሙ ጊዜ ግን ደስታው ሌላ ነው፤ የሠራ ያውቀዋል።

የጋቢው እኩሌታ በደረሰ ጊዜ ከድሩ ውስጥ ደካማ ክር የበዛበት ስፍራ ላይ ደረስሁ። አሥር ጊዜ ወርውሬ ሦስት ጊዜ ይበጠስብኝ ነበር። በዚያው ሰሞን ሸማኔው በሌላው ጉድጓድ ለሙሽራ ቀሚስ ጥለት ይሠሩ ነበር። ባለ ቀለሙን ክር በጣታቸው እየቆጠሩ በድሩ መካከል ሲያስገቡት፥ ከባዶው ነጭ ላይ መስቀልና አበባ ሲወጣ አየሁና ልቤ ወደዚያ ሄደ። «ይህን አስተምሩኝ» ብዬ ለመንኋቸው፤ እርሳቸውም ሳይነፍጉ በትንሽ ድር ላይ አስጀመሩኝ። ጥለቱን ገና ሳላውቅ ደግሞ የነጠላ ዘርፍ መቋጨት ጀመርሁ። በልቤም፥ «አሁን ሦስት ጥበብ አወቅሁ» እያልሁ እኮራ ነበር።

ልጆች ሆይ፥ እዚህ ላይ እውነቱን ልንገራችሁ። ጋቢውን የተውሁት ጥለት መማር ስለ ወደድሁ ብቻ አይደለም። ክሩ እየተበጠሰ ስላስመረረኝ ሸሽቼ ነው። አዲስ ነገር መማር መልካም ስም ስላለው ሽሽቴን በእርሱ ሸፈንሁት። ማንም አልነቀፈኝም፤ እንዲያውም ትጉህ ልጅ ተባልሁ። ብዙ ሥራ የጀመረን ሰው ከመንቀፋችን በፊት ልንጠይቀው የሚገባው ይህ ይመስለኛል፤ የፊተኛውን ሲተው በምን ስፍራ ላይ ተወው? በሚያርፍበት ላይ ነውን ወይስ በሚከብደው ላይ?

ሰኔ አልፎ ሐምሌ ገባ። ዝናቡ በክዳኑ ገብቶ የተወጠረውን ድር አረጠበው፤ ሲደርቅ አንዳንዱ ክር ረገበ፥ አንዳንዱም ከረረ። አይጥም አንዱን ጠርዝ ቆረጠችው። እናቴ ደግሞ አዲሱ ጋቢ ለክረምት ይደርሳል ብላ አሮጌውን ለአንዲት ድኻ አራስ ሰጥታው ነበር፤ እኔ ይህን አላወቅሁም። ሐምሌንና ነሐሴን በነጠላ ብቻ ተቀምጣ ከረመች። ሳል ያዛት። ማታ ማታ በመደብ ላይ ሆኜ ስታስል እሰማት ነበር። ስለ ጋቢው ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችኝም፤ ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

በነሐሴ መጨረሻ ወደ ሸማኔው ሄጄ አለቀስሁ። እርሳቸውም፥ «ልጄ፥ ጥለት መማርህ አልከፋኝም። የተውኸው ሥራ ግን ምን ዓይነት እንደ ሆነ አላወቅህም። እንዝርት ቢተዉት ያርፋል፤ የተወጠረ ድር ግን ቢተዉት አያርፍም፤ ሌሊትም ቢሆን ተወጥሮ ያድራል» አሉኝ። ቀጥለውም፥ «አንተ የተውኸው የአንድ ወር ሥራህን መስሎህ ነበር፤ የእናትህን አንድ ዓመት ነው» አሉኝ።

ይህ የመጨረሻው ቃል ብዙ ዓመት ከእኔ ጋር ኖረ። በኋላ መጽሐፍ ሳነብ በሌላ አገርም እንዲሁ እንደ ነበረ አገኘሁ። በእንግሊዝ አገር በ1733 በፈረንጆች ዘመን ጆን ኬይ የሚባል ሰው በገመድ ተስቦ በራሱ የሚወረወር መወርወሪያ አበጀ። ሸማኔዎች እጅግ ፈጣኖች ሆኑ፤ ነገር ግን ፈታዮች ሊያደርሱላቸው አልቻሉም። ከዚያ በፊት እንኳ ለአንድ ሸማኔ የብዙ ፈታዮች እጅ ያስፈልግ ነበርና። በኋላ ሃርግሪቭስ የተባለ ሌላ ሰው ብዙ ክር በአንድ ጊዜ የሚፈትል መኪና እስኪያወጣ ድረስ ሸማኔው ክር ይጠብቅ ነበር። እንግዲህ በጉድጓዱ ውስጥ የሚታየው አንድ ሰው ቢሆን፥ በድሩ ላይ የተዘረጋው የብዙ ሰዎች ሌሊት ነው። በዛሬ ጊዜ ብዙ ሸማኔ ድሩን ከፋብሪካ ክር ያደርጋል፤ ማጉ ግን አሁንም ከእጅ ፈትል ሲሆን ልብሱ ይለሰልሳል፥ ይሞቃልም።

አሁን ወደዚያች ተማሪ ልመለስ። እንግዳው ከሄደ በኋላ ጠርቼ ስለ ሥራዋ ጠየቅኋት። «የኔታ፥ ስንደዶው ደርቆ ይሰበርብኝ ስለ ነበር በውሃ ነክሬዋለሁ፤ እስኪለሰልስልኝ ብዬ እፈትላለሁ» አለችኝ። በእውነትም ከዛፉ ሥር በጣሳ ውሃ ውስጥ የተነከረ ስንደዶ ነበረ፤ እንግዳውም እኔም አላየነውም ነበር። አኮ በሕይወት ቢኖሩ ይህችን ልጅ በሳሟት ነበር። «ጥልፉስ?» ብዬ ጠየቅኋት። ጥቂት ዝም ብላ፥ «ጥልፉ ቆጠራው ተምታቶብኝ ነው» አለች። እኔም ስለ ሁለቱ አመሰገንኋት፤ ስለ ሦስተኛው ግን ስሕተቱ እስካለበት ድረስ ፈትታ እንድትጀምረው ነገርኋት። ፊቷ ጠቆረ። መፍታት ከመሥራት ይልቅ እንደሚመር አውቃለሁ። ሽመናም መማር እንደምትፈልግ ነግራኛለች፤ በዱሮ ልማድ መፍተል የሴት፥ መሸመን የወንድ ነበረ፤ ዛሬ ግን በሽመና ዕቃ ላይ ተቀምጠው የሚሠሩ ሴቶች አሉና የሚከለክላት የለም። ክር መቀጠልን ግን አስቀድማ ትማር።

የእናቴም ጋቢ በመስከረም ተፈጸመ። ሸማኔው የተቆረጠውን ጠርዝ ቋጥረው፥ የረገበውን አክርረው ሰጡኝ፤ የቀረውን እኔ ራሴ ሠራሁ። ነገር ግን እጄ የቀድሞውን አመታት ረስቶ ነበርና፥ ከተውሁበት ስፍራ ወዲህ ያለው ማግ ጠበቀ፤ በሁለቱም መካከል ከዳር እስከ ዳር አንድ መስመር ታየ። ቢያጥቡትም አልጠፋም። ሲታጠፍና ሲሰፋ መስመሩ በላይኛው ፊት ላይ ወደቀ። እኔ በአፈርሁ ጊዜ እናቴ መስመሩን ወደ ውስጥ ገልብጣ እንድትለብሰው ለመንኋት፤ እርስዋ ግን ሁልጊዜ ወደ ውጭ አድርጋ ትለብሰው ነበር። ሰዎችም ምን እንደ ሆነ ሲጠይቋት በጣትዋ እያሳየች፥ «እዚህ ላይ ልጄ ሄዶ ነበር፤ እዚህ ላይ ደግሞ ተመለሰ» ትላቸው ነበር።