ስድስት ሲሊንደር ለመንዝ ልጅ

ዴንቨር ያለው የአጎቴ ልጅ ደወለና «ሌክሰስ አርሲ ልገዛ ነው» አለኝ። ያገለገለች፣ ባለ ሁለት በር፣ ዝቅ ያለች መኪና። አልዋሽም፣ ፎቶዋን ሳይ እኔም ጎመጀሁ። «ባለ 3.5 ሊትሯን ነው የምይዘው፤ ያውም ፉል ኦፕሽን! ስድስት ሲሊንደር እኮ ናት!» ሲለኝ ግን ያደግንበትን አገር የረሳ መሰለኝ።

እናንተዬ፣ የመንዝ ልጅ እንዴት ይህን ይስታል? አሮጌው ሚኒባስ ጣርማበር ላይ የሚያቃስተው ዳገቱ ስለከበደው ብቻ አይደለም፤ ሞተርም እንደ ሰው አየር ያጥረዋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል እየተወ ነው የሚወጣው። መሐል ሜዳ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት።

ኮሎራዶም ያው ደጋ ነው። የአጎቴ ልጅ ሥራው ተራራው ላይ ስለሆነ በየሳምንቱ የአይዘንሃወርን ዋሻ ያልፋል፤ ዋሻው 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ከጣርማበሩም ይበልጣል። እዚያ ስትደርስ የአርሲ 350 ጉልበት ከ311 ፈረስ ወደ 220 ይወርዳል። ባለ 2 ሊትሯ ቱርቦ በወረቀት 241 ብቻ ናት፤ ግን አየሩን ጨምቃ ስለምታስገባ ያን ያህል አይጎድልባትም። ከተማ ውስጥ 350ዋ ትበልጣለች፣ እሺ። ዳገቱ ላይ ለማያገኘው ጉልበት ግን ለምን ይከፍላል? (ስሟንም አይመን፤ በአራቱም ጎማ የምትነዳው አርሲ 300 ቱርቦ አይደለችም፣ ያው 3.5 ሊትር ናት፤ ጉልበቷ ግን 260 ብቻ።)

ፉል ኦፕሽን የሚላት ኤፍ ስፖርቷን ነው፦ 19 ኢንች ቸርኬ፣ ስስ ጎማ። ለእኔ 18 ኢንቿ ትሻላለች፤ ጎማዋ ወፈር ስለሚል ጉድጓድ ትችላለች። በሚተርፈው ብር የበረዶ ጎማ ይግዛበት፤ ቱርቦዋ የምትገፋው በኋላ ጎማዋ ብቻ ስለሆነ በረዶ ላይ ትንሸራተታለች። ይህን ድክመቷን አልሸሽግም።

«ኋላ አገር ቤት አስገባታለሁ» ብሎ ደግሞ አሳቀኝ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል፤ የሚገባው ኤሌክትሪክ ነው። (የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አያጥረውም፤ ለጣርማበር ዳገት ከሁሉም እሱ ይሻል ነበር። ቻርጅ ማድረጊያው እስከ መሐል ሜዳ ይምጣልን እንጂ!)

ይህን ሁሉ ነግሬው «አስብበታለሁ» አለ። ዛሬ ጠዋት ፎቶ ላከልኝ። ቀይ ኤፍ ስፖርት ናት።