ታሪካችንን ማን ይጻፈው?

በሱዳን በኩል የመጣንበትን መንገድ በ2005 በፊልም የሠራው ራዱ ሚሃይሊያኑ ሩማኒያ የተወለደ ፈረንሳዊ ነው። በ2019 የወጣው የእንግሊዝኛ ፊልምም ዋና ጀግናው የሞሳድ ሰው ነው። ጀግናውን የሚመርጠው ብዕሩን የያዘው ነውና!

ሽሙኤል ቤሩ «ዝሩባቬል»ን በ2008፣ ዓለምወርቅ ዳቪድያን «የበለስ ዛፍ»ን በ2018 ራሳቸው ጽፈው አዘጋጁ። ችሎታው እንዳለን አሳዩ። ጥቂት ሰው ብቻውን ግን የሕዝብን ታሪክ ጽፎ አይጨርስም።

«የፊልምና የቲያትር ድርሰት እንጀራ አይሆንም» የምትሉ ወላጆች ሆይ! ትዕይንት መክፈል፣ ንግግር ማሳጠር፣ ደጋግሞ ማረም እንደ ማንኛውም ሙያ በትምህርት የሚገኝ ነው። ሚክላላዎች የድርሰት ሳድናቸውን ወደ ዐጋሚም ያምጡልን! ሽማግሌዎች በአማርኛ ይንገሩ፤ ወጣቶች በዕብራይስጥ ይጻፉ። መንገዱን በእግራቸው የሄዱት እያለፉብን ነውና ነገ አንበል።