ሳንሱር ይቅር ማለት ለሕፃን ደም አሳዩ ማለት አይደለም!

«ፊልም አይደል እንዴ! ደሙ ቀለም፣ ሞቱም የውሸት፤ ልጆቹ ምን ይሆናሉ?» ይሄን አባባል አዲስ አበባ ሰምቼዋለሁ። ደብረ ብርሃንም ሰምቼዋለሁ። በቅርቡ ደግሞ አንኮበር፣ ጎረቤላ ከተማ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሰማሁት። ቴሌቪዥኑ ላይ ጭምብል ያጠለቀ ሰው ቢላዋ ይዞ አንዲት ኮረዳ ያሳድዳል። ፊት ለፊቱ ደብተራቸውን የታቀፉ ልጆች ተደርድረዋል። ደሙ ቀለም መሆኑን የሚያውቀው እንግዲህ ተናጋሪው ነው። ዓይኑን ያፈጠጠው የ7 ዓመት ልጅ ግን በምን ይወቀው?

ፈረንጆቹ ይሄን ዓይነቱን ፊልም «ስላሸር» ይሉታል፤ እኛ «የአራጅ ፊልም» ብንለው ያስኬዳል። ታሪኩ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ፊቱን የሸፈነ ገዳይ ወጣቶችን እያደነ አንድ በአንድ ይጨርሳል። በ1978 እ.ኤ.አ. ጆን ካርፔንተር የሠራው «ሃሎዊን» መንገዱን ጠረገ፤ በ1980 «ፍራይዴይ ዘ ሰርቲንዝ»፣ በ1984 «ናይትሜር ኦን ኤልም ስትሪት»፣ በ1996 ደግሞ «ስክሪም» ተከተሉ። ልብ በሉ! ፊልሞቹን የሠራችው አሜሪካ ራሷ አራቱንም «አር» ብላ መድባቸዋለች፤ ይኸውም ዕድሜው 17 ያልሞላ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ ሲኒማ ቤት ገብቶ እንዳያያቸው ነው። እንግሊዞች ደግሞ ካሴት በየሳሎኑ ሲገባ ደንግጠው በ1984 ሕግ አወጡ፤ የቪዲዮ ፊልም ዕድሜ ተለጥፎበት እንዲሸጥ አደረጉ። ሲኒማ ቤት በረኛ አለው፤ ሳሎን ግን በረኛ የለውማ!

እኛስ ጋ? ትናንት ቪዲዮ ቤት ነበር፤ ሸራ የተጋረደበት ክፍል፣ አግዳሚ ወንበር፣ በር ላይ ሳንቲም ተቀባይ። የከፈለ ሁሉ ይገባል። «አንተ ልጅ፣ ዕድሜህ ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀ ተቀባይ እኔ አላጋጠመኝም። ዛሬ ደግሞ ፊልሙ በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ከእጅ እጅ ይዞራል፤ ልጁ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ በስልክ ያየዋል። ሳንቲም ተቀባዩም ቀረ።

«እኛስ በጅብና በጭራቅ ተረት እየተንቀጠቀጥን አላደግንም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። በአንኮበር ብርድ እሳት ዳር ተኮልኩሎ የአያ ጅቦን ተረት ያልሰማ ማን አለ? ያውም እውነተኛው ጅብ ከአጥሩ ውጪ እየጮኸ! ነገር ግን ተረቱን የምትነግረው አያት ናት። የልጁን ፊት እያየች ትናገራለች፤ ሲብስበት ታለዝበዋለች፤ ጅቡንም በመጨረሻ ታታልለዋለች። ልጁ ጅቡን የሚስለው በገዛ አቅሙ ነው፤ ከሚችለው በላይ አያስፈራራውም። ፊልሙ ግን የማንንም ፊት አያይም። አዋቂ ለአዋቂ የሠራው ሥዕል ነው። ገዳዩም ሞተ ሲሉት ይነሳል፤ ለምን ቢሉ ክፍል ሁለት መሸጥ አለበታ!

ሌላም አለ። ይሄ ሰሜን ሸዋ ነው። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል አይተናል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ዘልቆ ነበር። ደብረ ብርሃን ስንቱን ተፈናቃይ አስጠልላለች! ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል በክልሉ ውጊያ ሲካሄድ ቆይቷል። ተኩስ ሰምቶ አልጋ ሥር የገባ ልጅ፣ ሬሳ ሲነሳ ያየ ልጅ በመካከላችን አለ። ለዚህ ልጅ ፊልሙ ውስጥ የምትጮኸው ሴት ተዋናይት አይደለችም፤ የሚያውቃት ጎረቤቱ ናት። በቁስሉ ላይ ቢላዋ እንዴት መዝናኛ ይሆናል?

ታዲያ መፍትሔው «መንግሥት ይከልክል» ነው? አይደለም! እኔ መቀስ ለያዘ ሹም አልሰግድም። ሳንሱር ምን እንደሚያደርግ አይተናል። በ1975 ዓ.ም. የወጣው «ኦሮማይ» ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲው በዓሉ ግርማም በ1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። ቅድመ ምርመራ በ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ የቀረው ስንት ዋጋ ተከፍሎበት ነው። ዛሬ «ለሕፃናት ስንል» ተብሎ የተሳለ መቀስ ነገ ጋዜጣ ይቆርጥበታል።

ግን ሳንሱር ሌላ፣ የዕድሜ ምልክት ሌላ። ሳንሱር አዋቂውን «አታይም» ይለዋል። የዕድሜ ምልክት ግን ወላጁን «ልጅህን አስብ» ይለዋል። ሕገ መንግሥቱም ሁለቱን ለይቷቸዋል፤ አንቀጽ 29 ሳንሱርን በማንኛውም መልኩ ከልክሎ፣ እዚያው ላይ የወጣቶችን ደህንነት ለመጠበቅ በሕግ ገደብ ሊደነገግ እንደሚችል ይናገራል። እኔ የምጠይቀው ጥቂት ነው፤ ፊልም የሚሸጥና ለሕዝብ የሚያሳይ ሁሉ ዕድሜውን በትልቁ ይጻፍ፤ ሻይ ቤቱም ልጆች ባሉበት ሰዓት ሌላ ነገር ይክፈት።

የተረፈው የቤት ሥራ ነው። እንደ እኔ፣ ዕድሜው 13 ላልሞላ ልጅ የአራጅ ፊልም ፈጽሞ አይሆንም። ከ13 እስከ 15 ላለውም አልፈቅድም፤ እውነቱን ከውሸቱ ቢለይም ሌሊቱን መለየት ያቅተዋል። 16 የሞላው ደግሞ ከወላጁ ጋር ተቀምጦ፣ ደም ከማፍሰስ ይልቅ በመጠበቅ የሚያስፈራውን እንደ 1978ቱ «ሃሎዊን» ያለውን ቢያይ አልቃወምም። እሱንም ቢሆን ወላጁ አስቀድሞ ይየው! ቢላዋው ሲወጋ ይታያል ወይስ ይነገራል? የሚታረደው ሰው ነፍስ ያለው ሆኖ ቀርቧል ወይስ እንደ በግ? ርቃነ ሥጋና ደም ተቀላቅለዋል ወይ? ገዳዩ የሚፈራ ነው ወይስ የሚደነቅ ጀግና? ለእነዚህ መልስ የሌለው አባት ሪሞቱን ለልጁ አይስጥ።

ደግሞ ልጁ ፊቱን ሲሸፍን «ወንድ ልጅ አይፈራም» እያላችሁ አትሳቁበት። ይፈራል እንጂ! ፍርሃት ነውር አይደለም። ቴሌቪዥኑን ዝጉለትና አጠገቡ ተቀመጡ።

መቀሱን ከሹሙ እጅ፣ ቢላዋውን ከሕፃኑ ፊት አርቁልን! ቸር ይግጠመን።