የአርሜሎ ሠሪዎች ለምን ተበተኑ?

አርሜሎ የተባለውን የኮምፒውተር ጌም የተጫወተ ሰው ንጉሡን አይረሳውም። አንበሳው በክፉ ደዌ ተይዞ አእምሮው ታውኳል፤ ጎህ በቀደደ ቁጥር ከጤናው አንድ ይቀነስበታል። ተኩላው፣ ጥንቸሉ፣ አይጡና ድቡ ዙፋኑን ለመውረስ ይሽቀዳደማሉ። ንጉሡን ገድሎ መንገሥ ይቻላል፤ ክብር አከማችቶ ሞቱን መጠበቅም ያዋጣል። ዳይ ይጣላል፣ ካርታ ይመዘዛል፤ ገበጣና ሰንጠረዥ እየተጫወተ ያደገ ሰው ግን የተፎካካሪን ሐሳብ ቀድሞ ማንበብ ምን ያህል እንደሚያስከፍልና እንደሚያተርፍ ወዲያው ይገባዋል።

ይህን የሠራው ሊግ ኦፍ ጊክስ የተባለ የሜልቦርን ስቱዲዮ ነው። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ በ2014 ኪክስታርተር በተባለው የመዋጮ ድረ ገጽ ከተጫዋቾች ከ300 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር በላይ አሰባስቦ በ2015 ጌሙን አወጣ። ሕዝብ አምኖ ከኪሱ ያዋጣለት ድርጅት ነበር።

ታዲያ ምን ነካው? በነሐሴ 2023 ጃምፕላይት ኦዲሲ የተባለውን ሁለተኛ ሥራውን ገና ሳያልቅ ለሽያጭ አቀረበ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ከግማሽ በላይ ሠራተኞቹን አሰናበተ፤ የጃምፕላይት ሥራም ላልተወሰነ ጊዜ ቆመ። በየካቲት 2024 ሶሊየም ኢንፈርነም የተባለውን የስትራቴጂ ጌም አወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ስቱዲዮው ራሱ ላልተወሰነ ጊዜ ሥራ ማቆሙን አስታወቀ። ለሠራተኞቹ መሰናበት የተሰጡት ምክንያቶች የዘርፉ የገንዘብ ምንጭ መድረቅ፣ የወጪ መናርና የጃምፕላይት ደካማ ሽያጭ ናቸው።

ምክንያቶቹን አልክድም። ግን በአንድ ጌም ስም ያተረፈ ስቱዲዮ ሁለት ትልልቅ ሥራዎችን ጎን ለጎን የጀመረው በምን ስንቅ ነው? አንደኛው ባይሸጥ የሠራተኛው ደመወዝ ከየት ይመጣል ተብሎ ነበር? ያላለቀ ጌም የገዛውስ ሰው ለምንድን ነው የከፈለው? ተስፋ ገዝቷል ከተባለ፣ ተስፋው ሲቀር ማን ይጠየቃል? ውሳኔው የጥቂት ኃላፊዎች ሆኖ ሳለ ጉዳቱ በአኒሜተሩ፣ በፕሮግራመሩና በገዢው ላይ ማረፉ ፍትሕ አይደለም።

ሜልቦርን ደግሞ ይህን ከዚህ በፊት አይታዋለች። ቢም ሶፍትዌር የተባለው የከተማዋ ስቱዲዮ በ1980 ተመሥርቶ በ1982 ዘ ሆቢትን፣ በ1997 ደግሞ ኬኬኤንዲ የተባለውን የጦርነት ስትራቴጂ ጌም ለዓለም አበረከተ። በ1999 የፈረንሳዩ ኢንፎግራምስ ገዛው፤ በ2006 ለክሮም ተሸጠ፤ በ2010 ተዘጋ። በማግሥቱ ዓመት አሜሪካዊው ቲኤችኪው የዚያችኑ ከተማ ብሉ ታንግ ስቱዲዮ ዘጋ። የአውስትራሊያ ፌዴራል መንግሥት በ2012 ለጌም ሠሪዎች 20 ሚሊዮን ዶላር መድቦ በ2014 በጀት ፈንዱን ሲሰርዝ፣ ካለፈው መዘጋት ምን ተምሮ ነበር?

ዛሬ ለጌም ሠሪዎች 30 በመቶ የግብር ተመላሽ አለ፤ ሕጉ የጸደቀው በ2023 ነው። መልካም ነገር ነው፤ ሆኖም ተመላሹ የሚገኘው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ሲሆን፣ ቢያንስ 500 ሺህ ዶላር ወጪም ይጠይቃል። አምስት ሆነው በአንድ ክፍል የሚሠሩ ወጣቶች ይህን ከየት ያመጣሉ? ሥራው ሦስት ዓመት ቢፈጅ፣ እስከዚያ ደመወዝ የሚከፍለው ማን ነው? ሊግ ኦፍ ጊክስ የተበተነው ይህ ሕግ ባለበት ዘመን መሆኑ ባለሥልጣናቱን ሊያሳስባቸው አይገባም?

ጥያቄው እኛን ኢትዮጵያውያንንም ይመለከታል። በሜልቦርኑ ፉትስክሬይና በአካባቢው የሚያድጉ ልጆቻችን ጌም መሥራትን በአርኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ሊማሩ ይችላሉ፤ አዲስ አበባም ቅኔ ጌምስ የመሰሉ ጀማሪዎች አሏት። ልጁ "ይህን ልማር" ሲል ወላጅ ምን ይመልስለት? እኔ ተማር እለዋለሁ፤ ግን የሚቀጥረውን ድርጅት ስንት ወር የሚያቆይ ተቀማጭ እንዳለው፣ ጌሙ ሲሸጥ ለሠሪዎቹ ምን እንደሚደርሳቸው ቀድሞ እንዲጠይቅ አስተምረዋለሁ።

መንግሥት ተመላሹን በየምዕራፉ ይክፈል፤ የወጪውንም ወለል ዝቅ ያድርግ። ያላለቀ ጌም የሚሸጥ ስቱዲዮም ሥራው ቢቆም ለገዢው ምን እንደሚያደርግ በመሸጫው ገጽ ላይ አስቀድሞ ይጻፍ።