ጠርሙሱ ገና በወረቀት ላይ ሳለ

አንድ ፋብሪካ የአካባቢ ጥበቃ የምስክር ወረቀት ተቀብሎ በቢሮው ግድግዳ ላይ ሲሰቅል እኛም ደስ ይለናል። ነገር ግን መርማሪው ጢሱንና ፍሳሹን አይቶ ሲሄድ፥ ከበሩ የሚወጣው ዕቃ የት እንደሚወድቅ የሚጠይቅ መኖሩን እንጠራጠራለን።

ስፕራይት የተባለውን ለስላሳ መጠጥ እንመልከት። ለብዙ ዘመን መታወቂያው አረንጓዴ ጠርሙስ ነበር። ቀለም የገባበት ፕላስቲክ ግን ተመልሶ ጠርሙስ ለመሆን ስለሚያስቸግር፥ ቢሰበሰብም ብዙውን ጊዜ ምንጣፍ ወይም ልብስ ሆኖ ይቀራል። ፋብሪካው ፍሳሹን የቱንም ያህል ቢያጣራ ይህን አያርመውም፤ ነገሩ ያለቀው ቀለሙ በተመረጠ ዕለት ነውና። ኩባንያው በሰሜን አሜሪካ ቀለሙን የተወው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። የጃፓን የመጠጥ ፋብሪካዎች ባለቀለሙን ጠርሙስ ለመተው የተስማሙት ግን በ2001 ነበር!

ደንብማ ሞልቷል። አይ.ኤስ.ኦ. 14001 በ2015 ሲታረም፥ ዕቃው ከጥሬ ነገሩ እስከ መጣያው ያለው ዕድሜ እንዲታሰብ አዟል፤ ንድፍን ከዚህ አሠራር ጋር ስለ ማያያዝ የሚመራው 14006ም ከ2011 ጀምሮ ታትሟል። የሚያሳስበን፥ የአካባቢ ጥበቃው ኃላፊ ዕቃውን የሚያየው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው። ስለዚህ ንድፍ አውጪውና የሽያጭ ሹሙ ሲመክሩ እርሱም አብሮ ይቀመጥ፤ «ይህ ሲጣል ምን ይሆናል?» ብሎ ለመጠየቅና መልሱ ካላረካው ፊርማውን ለመከልከል ሥልጣን ይሰጠው እንላለን።